እስስት የምትለዋወጠው ለመደበቅ ነው?

አቋሙ የማይጨበጥ ሰው ሲገጥመን «እስስት!» እንለዋለን። ስድቡ የቆመው እስስት ያረፈችበትን ነገር ቀለም ትቀዳለች በሚል እምነት ላይ ነው። እንደ ዳማ መጫወቻ ሰሌዳ ባለ አራት ማዕዘን ጥለት ጨርቅ ላይ ብታስቀምጧት ግን ጥለቱን አትቀዳም።

መደበኛ መልኳ ራሱ ቅጠልና ቅርንጫፍ ስለሚመስል ለመደበቅ መለዋወጥ እምብዛም አያስፈልጋትም። ቀለሟን የምትቀይረው በአብዛኛው ከሌሎች እስስቶች ጋር ለመነጋገርና የሰውነቷን ሙቀት ለማስተካከል ነው። ሲበርዳት ትጠቁራለች፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ሙቀት ይስባልና። ሁለት ወንዶች ሲፋጠጡ ደግሞ ይደምቃሉ፤ የተሸነፈው ደብዝዞ ይሄዳል።

እንዴት ነው የምትቀይረው? እ.ኤ.አ. በ2015 የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፓንተር የተባለውን የማዳጋስካር እስስት አጥንተው መልሱን አሳይተዋል። ቆዳው ውስጥ ጓኒን ከተባለ ንጥረ ነገር የተሠሩ፣ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ክሪስታሎች ተደርድረዋል። እስስቱ ሲረጋጋ ክሪስታሎቹ ተጠጋግተው ሰማያዊ ብርሃን ያንጸባርቃሉ፤ ይህ ከቆዳው ቢጫ ቀለም ጋር ሲደባለቅ ለእኛ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ሲቆጣ ይራራቃሉ፤ ያኔ ወደ ቢጫና ቀይ የሚያደላ ብርሃን ይመለሳል። አረንጓዴነቱ እንግዲህ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ ሳይሆን ቢጫው ከብርሃን ጨዋታ ጋር ተደባልቆ የመጣ ነው።

በእኔ ግምት ስድቡ ይበልጥ የሚገባው ለኦክቶፐስ ነበር። እሷ ከድንጋይና ከአሸዋ ጋር በቅጽበት ትመሳሰላለች፤ ያውም ቀለም ለመለየት የማይበቃ፣ አንድ ዓይነት ብርሃን ተቀባይ ሕዋስ ብቻ ባለው ዓይን።