«ያህዌ ይርኤ» ምንድን ነው?

ሐረጎን ሽቅብ የሚወጣ ሚኒባስ የኋላ መስታወቱ ላይ አንድ ነገር መለጠፉ አይቀርም። አንዱ «ማሻአላህ» ይላል። ሌላው የዕብራይስጥ ስም ይጽፋል፤ ኤልሻዳይ፣ አዶናይ፣ አማኑኤል፣ ያህዌ ይርኤ። ደሴ ሲደረስም ያው ነው። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ኤልሻዳይ፣ ጁስ ቤቱ አዶናይ፣ ሞባይል ጥገናው ይርኤ። የሰፈር ልጆችም በእነዚሁ ስሞች ይጠራሉ። ትርጉሙን ስትጠይቁ ብዙው ሰው «የእግዚአብሔር ስም ነው» ይልና ያበቃል። ይርኤን ለይታችሁ ከጠየቃችሁ «ያዘጋጃል ማለት ነው» ይላችኋል። አልተሳሳተም። ግን ስሙ ከዚያ ይሰፋል። ለጸሎት የሚጠቅመውም ያ የቀረው ክፍል ይመስለኛል።

ስሙ የመጣው ከዘፍጥረት 22፥14 ነው። አብርሃም ልጁን ሊሠዋ ወጥቶ በልጁ ፈንታ በግ ያገኘበትን ቦታ «ያህዌ ይርኤ» ብሎ ሰየመው። ቃል በቃል ሲፈታ «ያህዌ ያያል» ነው።

መጀመሪያ ስለ «ያህዌ» ትንሽ እንበል። በዕብራይስጡ የሚጻፈው በአራት ፊደል ነው፤ ዮድ፣ ሄ፣ ዋው፣ ሄ። ዳዊት የሚደግም ሰው ለእነዚህ ፊደላት እንግዳ አይደለም። በግዕዙ ዳዊት መዝሙር 118 ላይ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል፣ ዳሌጥ እየተባለ የሚወርደው የዕብራይስጥ ፊደል ነው። 22 ፊደል፣ ለያንዳንዱ 8 ቁጥር። (በዕብራይስጡ አቆጣጠር መዝሙሩ 119ኛው ነው።) የቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ልጅ ዮድንም ሄንም በቃሉ ያውቃቸዋል። የስሙ ፊደላት መሆናቸውን ግን ላያውቅ ይችላል።

ይህ ባለ አራት ፊደል ስም በዕብራይስጡ ብሉይ ኪዳን ውስጥ ከ6,800 ጊዜ በላይ ተጽፏል። አይሁድ ግን ከአክብሮት ብዛት ስሙን መጥራት ተዉ። እዚያ ቦታ ሲደርሱ «አዶናይ» ብለው ያነባሉ፤ ጌታዬ ማለት ነው። የጥንቱ የዕብራይስጥ ጽሕፈት አናባቢ አልነበረውምና ትክክለኛው አጠራር በዚያው ጠፋ። «ያህዌ» ሊቃውንት መርምረው የደረሱበት አጠራር ነው። «ይሖዋ» ደግሞ የአራቱ ፊደላት ተነባቢ ከአዶናይ አናባቢ ጋር ተቀላቅሎ የተወለደ ነው። በወጣቶች መዝሙር የምትሰሙት «ጀሆቫ ጃይራ» ይኸው ይርኤ ራሱ ነው፤ በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ መጣ እንጂ።

እኛ ጋ የደረሰው በሌላ መንገድ ነው። የግዕዙ ብሉይ ኪዳን የተተረጎመው ከግሪኩ ነው። ግሪኩ በአራቱ ፊደላት ቦታ «ጌታ» የሚል ቃል ተጠቀመ። ግዕዙ «እግዚአብሔር» አለ። በልመና ጊዜ ደግሞ «እግዚኦ» ይሆናል። ሰማዩ ሲደርቅ፣ አንበጣ ሲመጣ፣ የወሎ ገበሬ ምህላ ወጥቶ 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ሲል አይሁዱ አዶናይ በሚልበት ቦታ ቆሞ እየጠራ ነው። ስለዚህ «የዕብራይስጡን ስም ካልጠራህ ጸሎትህ አይሰማም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ብዙ አትጨነቁ።

እንዲህ ዓይነቱ ነገር አዲስ አይደለም እኮ። «አስማት» የሚለው ቃል በግዕዝ የ«ስም» ብዙ ቁጥር ነው። ስሞች ማለት ነው። በየአንገቱ በሚንጠለጠለው ክታብ ውስጥ ያለውን ብራና የፈታ ሰው ኤሎሄ፣ አዶናይ፣ ጸባኦት፣ ኤልሻዳይ የሚሉትን ስሞች ከማይታወቁ ሌሎች ስሞች ጋር ተደርድረው ያገኛቸዋል። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ስሙን የያዘ ኃይሉን ይይዛል። ግማደ መስቀሉን አምባሰል ግሸን ላይ አኖረ የሚባለው አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአስማተኞች ጋር አጥብቆ ተጣልቷል። ክታቡ ግን ከእርሱ ዘመን ተርፎ ዛሬም አለ። አንዳንዴ ስቲከር መስሎ ይመጣል።

መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ግን እነዚህ ስሞች የሚገኙት ከታሪክ ጋር ነው። ሰው መንገድ ላይ ነው። ተጨንቋል። የሆነ ነገር ይደርስለታል ወይም ይገለጥለታል። ከዚያ ስም ይወጣል። ስሙን ጠርቶ የሚጸልይ ክርስቲያን ያንን ታሪክ እየጠቀሰ ነው፤ «ለእነርሱ እንዲህ ሆነሃል» እያለ።

ወደ አብርሃም እንመለስ። አባትና ልጅ ተራራውን እየወጡ ነው። ልጁ እንጨቱን ተሸክሟል። አባቱ እሳቱንና ቢላዋውን ይዟል። ልጁ ይጠይቃል፦ እሳቱና እንጨቱ ይኸው፣ በጉ የት አለ? አብርሃም በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «የመሥዋዕቱን በግ እግዚአብሔር ያዘጋጃል» ብሎ ይመልሳል። ዕብራይስጡ እዚህ ላይ የሚለው «ያያል» ነው። በኋላ የቦታው ስም የሆነው ያው ግስ ነው፤ ይርኤ። ግዕዝ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ርእየ ማለት አየ ነው። ራእይም ትርኢትም ከዚያው ናቸው። ዕብራይስጡና ግዕዙ የሥጋ ዘመዶች ስለሆኑ ቃሉ ቤታችን ያለ ቃል ነው።

ታዲያ ማየት እንዴት ማዘጋጀት ሆነ? ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ አይከብድም። ገበያ የምትሄድ እናት ለጎረቤቷ «ልጁን እይልኝ» ትላለች። ቆመሽ ተመልከቺው ማለቷ አይደለም። ቢያለቅስ አባብይው፣ ቢርበው አጉርሽው ማለቷ ነው። የተቸገረ ሰው «ዘመድ አያየኝም» ሲል ዘመዱ ዕውር ሆኖ አይደለም። የተፈናቀለው «መንግሥት ይየን» ይላል። እኛ ዘንድ አየ ማለት ጉዳዩን ያዘ ማለት ነው። አይቶ እንዳላየ የሚያልፍ ሰው የሚወቀሰውም ለዚህ ነው። አብርሃምም ለልጁ ሲመልስ በጉ ከየት እንደሚመጣ አላወቀም። «እርሱ ያያል» ብሎ ነው የወጣው። በጉ ቀንዱ በዕፀ ሳቤቅ (በቁጥቋጦ) ተይዞ የተገኘው በኋላ ነው።

ቁጥር 14 ሌላም ነገር ይጨምራል፤ «በእግዚአብሔር ተራራ ይታያል» ይላል። ማየትና መታየት አንድ ላይ ገቡ። የቤተ ክርስቲያን መተርጉማን እዚህ ላይ ነው የሚቆሙት። በጉን የክርስቶስ ምሳሌ አድርገው ያዩታል። ዕፀ ሳቤቁን አንዳንዱ በመስቀል፣ አንዳንዱ በእመቤታችን ይመስለዋል። ጌታ ራሱ በዮሐንስ 8፥56 አብርሃም ቀኔን ያይ ዘንድ ሐሴት አደረገ፣ አየም ደስም አለው ይላል። ስለዚህ ለክርስቲያን ይርኤ የሚያየው ብቻ ሳይሆን ኋላ በሥጋ የታየውም ነው።

የወሎ ሰው ይህን ታሪክ ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የሚያውቀው። አረፋ ሲደርስ ከአዲስ አበባ ሳይቀር አገር ቤት የሚገባው ሰው ብዛት ይታወቃል። የኢብራሂም በግ በየዓመቱ በየደጁ ይታረዳል። ሙስሊሙ ለመሥዋዕት የቀረበው ልጅ ኢስማኢል ነው ይላል፤ ክርስቲያኑ ይስሐቅ። በዚህ ይለያያሉ። በጉ በልጁ ምትክ መምጣቱ ላይ ግን አይለያዩም። አንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም ሃይማኖት በሚገኝበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የኢስማኢል ስም ከተነሣ እናቱን አጋርን መዝለል አይቻልም። እኔ እንዲያውም ይርኤን ለመረዳት ከአብርሃም ይልቅ አጋር ትረዳለች ባይ ነኝ። ዘፍጥረት 16 ላይ አጋር ግብፃዊት ገረድ ናት። ከእመቤቷ ከሦራ ፊት ሸሽታ ምድረ በዳ ውስጥ የውኃ ምንጭ አጠገብ ተቀምጣለች። ነፍሰ ጡር ናት። እዚያ መልአክ አገኛት። ልጇን እስማኤል እንድትለው ነገራት፤ እግዚአብሔር ይሰማል ማለት ነው። እርሷም ያናገራትን «ኤልሮኢ» አለችው። የሚያየኝ አምላክ። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ለእግዚአብሔር ስም ስታወጣ የምናያት የመጀመሪያዋ ሰው ይህች ገረድ ናት። ነቢይ አይደለችም፣ ካህን አይደለችም።

ልብ በሉ፤ አጋር ታየች እንጂ ችግሯ ወዲያው አልተፈታም። የተነገራት «ወደ እመቤትሽ ተመለሽ» ነው። «ይርኤ» ብሎ ሱቅ የሚከፍት ሰው ይህን ክፍል ባይሰማው ይመርጥ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። «ኤልሮኢ» እና «ያህዌ ሮዒ» ሲሰሙ አንድ ይመስላሉ። ሁለተኛው «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለው መዝሙር ነው። በዕብራይስጡ የመጀመሪያው በአሌፍ፣ ሁለተኛው በዓይን ይጻፋል። ግዕዙም ይለያቸዋል። ርእየ በአልፉ አ ነው። ጠበቀ፣ አሰማራ የሚለው በዓይኑ ዐ ነው። የግዕዙ መዝሙር 22 «እግዚአብሔር ይሬዕየኒ» ብሎ የሚጀምረው በዓይኑ ነው፤ ይጠብቀኛል። በስልክ ሲጻፍ ግን «ይሬእየኒ» ሆኖ ይመጣና «ያየኛል» ይሆናል። ስሕተቱ ጸሎት አያበላሽም። በጥሩ እረኛ ዘንድ ሁለቱ ብዙም አይራራቁም።

ታዲያ በዚህ ስም እንዴት ይጸለያል? ማቴዎስ 6 ላይ ጌታ ስለ ጸሎት ሲያስተምር አብን የሚጠራው «በስውር የሚያይ አባትህ» ብሎ ነው። ትንሽ ወረድ ብሎ ሳትለምኑት የሚያስፈልጋችሁን ያውቃል ይላል። ይርኤ ብሎ የሚጸልይ ሰው ዝርዝር ከማቅረብ በፊት ጉዳዩን በሚያየው ፊት ያስቀምጣል። ወሎ ላይ ይህን ጸሎት ባልቴቶች ዕለት ተዕለት ይጸልዩታል። የተበደለች ሴት «እግዜር ይይልኝ» ትላለች። ጎረቤቷ «አላህ ይየው» ትላለች። አጭር ነው፤ ግን አቤቱታም አለበት፣ እምነትም አለበት። ፍርዱን ከራሷ እጅ አውጥታ ለሚያየው ሰጠች።

ከባዱ ጥያቄ ይህን ተከትሎ ይመጣል። ወሎ ውስጥ «ያህዌ ያዘጋጃል» የሚለውን በቀላሉ መናገር አይቻልም። የ66ቱ ረሃብ አለ። የ77ቱ አለ። በሰባ ሰባት ቆረም ላይ የተሰበሰበውን ሕዝብ ዓለም በቴሌቪዥን አየው፤ ያኔ ቆረም የወሎ ክፍለ ሀገር ነበረች። እነዚያ ሰዎችም እግዚኦ ብለዋል፣ ያ ረቢ ብለዋል። ብዙዎቹ ግን አልተረፉም። «ይርኤ ማለት የጠየቅኸው ይመጣል ማለት ነው» የሚለው ስብከት እነርሱን ያላመኑ ሊያደርጋቸው ነው። እኔ ይህን አልቀበልም። አጋርም ብትሆን ችግሯ ሳይፈታ ታይታለች።

መዝሙረኛውም ይህን አይደብቅም። የግዕዙ መዝሙር 12 (በዕብራይስጡ 13) የሚጀምረው በ«እስከ መቼ» ነው። እስከ መቼ ትረሳኛለህ? እስከ መቼ ፊትህን ከእኔ ትመልሳለህ? እግዚአብሔር እንዳላየ ሆኗል ብሎ በግልጽ ይከስሳል። ከዚያ «እየኝ፣ ስማኝ» ይላል። አጋር ያወጣችውን ስምና የልጇን ስም ሁለቱንም ወደ ልመና ቀየራቸው ማለት ይቻላል። በይርኤ መጸለይ የሚፈልግ ሰው ከዚህች አጭር መዝሙር ቢጀምር ጥሩ ነው። በአንድ ትንፋሽ ታልቃለች፤ ክሱም ልመናውም መጨረሻ ላይ ያለው ምስጋናም አንድ ላይ ናቸው። ምስጋናው ላይ ለመድረስ የሚቸገር ሰው ደግሞ ለዛሬ «እየኝ» የምትለው ላይ ቢቆም የሚቆጣው የለም።