የድሮ ሲኒማ ቤት የሸክላ ማጫወቻና ድምፅ ማጉያ፦ እድሳቱና ሽያጩ

ፊልም መናገር ሲጀምር ድምፁ የሚወጣው ከሸክላ ነበር። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። በ1926 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ዋርነር ብራዘርስ ቪታፎን የሚባለውን ዘዴ ይዞ ብቅ ሲል፣ ከፕሮጀክተሩ ጎን 16 ኢንች ስፋት ያለው ሸክላ የሚጫወትበት ማሽን ተገጠመ። ፊልሙንም ሸክላውንም የሚያዞረው አንድ ሞተር ነው። ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚያድኑት፣ ባለሙያዎችም አድሰው የሚሸጡት ዕቃ ከዚያ ይጀምራል። ማጫወቻው ብቻ አይደለም፤ አምፕሊፋየሩ፣ ስፒከሩና ትልቁ ጡሩምባም የዚሁ ንግድ አካል ናቸው።

አሠራሩ በጣም ብልህ ነበር። አንድ የፊልም ጥቅል 11 ደቂቃ ያህል ይሄዳል፣ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው የዘመኑ ሸክላ ግን ያን ያህል አይቆይም። ስለዚህ ሸክላው ሰፋ፣ ፍጥነቱም በደቂቃ ወደ 33⅓ ዙር ወረደ። በ1948 ለቤት የወጣው ረጅም ሸክላ የተጠቀመው ይህንኑ ፍጥነት ነው። መርፌው ደግሞ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚሄደው። የብረት መርፌ እየተጫወተ ይደነዝዛል፤ ውስጠኛው መስመር ከሁሉም አስቸጋሪው ስለሆነ ገና ስል ሳለ እዚያ ቢጀምር ይሻላል። አንዱ ሸክላ 20 ጊዜ ያህል ከተጫወተ በኋላ ይጣል ነበር። ፊልሙ ከተበጠሰ ግን ጉድ ፈላ! የጎደለው ፍሬም በቁጥሩ ልክ በጥቁር ፊልም ካልተተካ የተዋናዩ አፍና ድምፁ ይለያያሉ። ድምፅ ፊልሙ ላይ የሚታተምበት ዘዴ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሲያሸንፍ እነዚህ ማጫወቻዎች ከሥራ ወጡ።

በገበያው ላይ ትልቁ ስም የአሜሪካው ኩባንያ ዌስተርን ኤሌክትሪክ ነው። የቤል ላቦራቶሪ ሰዎች ዌንትና ቱራስ የሠሩት 555 የተባለው የድምፅ ሞተር (ኮረንቲን ወደ ድምፅ የሚቀይረው የስፒከር ክፍል) ከጀርባው ቋሚ ማግኔት የለውም፤ ማግኔቱ በኮረንቲ የሚሠራ ስለሆነ 7 ቮልትና 1.5 አምፔር ካልተሰጠው ትንፍሽ አይልም። ከተጠማዘዘ ትልቅ የእንጨት ጡሩምባ ጋር ሲገጠም ግን በጥቂት ዋት አዳራሽ ይሞላል። በ1938 የወጣው 300ቢ ቫኩም ቲዩብም (አምፕሊፋየር ውስጥ ድምፁን የሚያጎላው አምፖል መሰል ክፍል) ለብቻው ሲሠራ የሚሰጠው 8 ዋት ገደማ ነው፤ ሰው እስከ ዛሬ ይሻማበታል። ከዚያ ወዲህ በ1945 የአልቴክ ላንሲንግ ኩባንያ ቮይስ ኦፍ ዘ ቲያትር የተባለው የሲኒማ ስፒከር መጣ። በጀርመን በኩል ደግሞ በ1928 ሲመንስና ኤኢጂ ያቋቋሙት የሲኒማ ድምፅ ዕቃ አምራች ክላንግፊልም አለ።

አሁን ወደ እድሳቱ። የመጀመሪያው ሕግ፦ የተገኘውን ዕቃ ሶኬት ላይ አትሰኩት። ለ50 እና 60 ዓመት የተቀመጠ አምፕሊፋየር ውስጥ ያለው የወረቀት ካፓሲተር (ኮረንቲ የሚያጠራቅመው ክፍል) እርጥበት ስቦ ኮረንቲ ያሳልፋል፤ ድንገት ሲሰካ ትራንስፎርመሩን ይዞት ይሄዳል። ካፓሲተር በአዲስ ይተካል፣ የተቃጠለ ትራንስፎርመር ግን እንደገና መጠምጠም አለበት፣ ያኔ ደግሞ የዕቃው ዋጋ ክፉኛ ይወርዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ይከፈታል፣ ይጸዳል፣ ይለካል፣ የደከመው ይቀየራል፣ ከዚያ ቮልቴጁ ቀስ በቀስ ከፍ እየተደረገ ይሞከራል። ጥሩ ባለሙያ አዲሱን ካፓሲተር በአሮጌው ቆርቆሮ ውስጥ ይደብቀዋል፤ ከውጭ ሲታይ ዕቃው እንደነበረ ነው። እኔ ይህን በጣም እወደዋለሁ፣ ግን ለገዢው በግልጽ ከተነገረው ብቻ።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ከኃይል ምንጩ የተነቀለ አምፕሊፋየር እንኳን ካፓሲተሩ ውስጥ የቀረው ኮረንቲ ሰው ሊገድል ይችላል። በድሮ የዘይት ካፓሲተሮች ውስጥ ፒሲቢ የተባለ መርዛማ ኬሚካል ሊኖር ይችላል፣ አሜሪካ ምርቱን ያገደችው በ1979 ነው። በፕሮጀክተር ክፍል ሽቦዎች ሽፋን ላይም አስቤስቶስ የተባለው ለሳንባ አደገኛ ማዕድን ሊኖር ይችላል። የሚያፈስ ካፓሲተር በባዶ እጅ አይነካም፤ የተቦጫጨቀ ሽፋንም አይፋቅም።

የማጫወቻው ሥራ በአብዛኛው የመካኒክ ሥራ ነው። ግሪሱ ደርቆ ይጠነክራል፤ ታጥቦ በአዲስ ይተካል። ጎማ ያለበት ሁሉ ይደርቃል። የዚንክ ቅይጥ ክፍሎች ይሰነጠቃሉ፣ እነሱን አስመስሎ ማስቀረጽ ያስፈልጋል። ቀለሙን ግን ተዉት! ግራጫው ወይም ጥቁሩ ቀለም ቢላላጥም የራሱ የፋብሪካው ነው። አዲስ ቀለም የተቀባ ዕቃ ያምራል፣ ሰብሳቢ ግን አይነካውም። ሌላው የምማጸነው ነገር፣ ዘመናዊ ክንድ (መርፌውን የሚይዘውን) ለመግጠም ብላችሁ የድሮውን ብረት አትብሱት። በተለየ ሰሌዳ ላይ አስሩት፣ ነገ ሊነሳ ይችላል። የዚያ ዘመን ከባድ የብረት መርፌ የአሁኑን ቀጭን መስመር ያለውን ሸክላ ያርሰዋል፣ ስለዚህ ዘመናዊ ሸክላ ማጫወት ለሚፈልግ ዘመናዊ ክንድ ግድ ነው።

ሽያጩ የሚቆመው በእምነት ላይ ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የጃፓን ሰብሳቢዎች ከአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የወጣውን ዕቃ እየለቀሙ ስለገዙ ዋጋው ሰማይ ነክቷል፤ አስመስሎ የሚሠራም በዝቷል። 300ቢን የሚመስል ቲዩብ ላይ የድሮ ጽሑፍ አትሞ መሸጥ ቀላል ነው። ታማኝ ሻጭ ምን እንደተቀየረ፣ ምን የፋብሪካው እንደሆነ፣ ቲዩቡ ሲፈተሽ ስንት እንዳነበበ ጽፎ ይሰጣል፣ የወጡትንም ክፍሎች በከረጢት አድርጎ ለገዢው ያስረክባል። ጥንድ ስፒከር ከሆነ የሁለቱ ጥቅል ሽቦ ልኬት መቀራረቡንና የአሉሚኒየም ዲያፍራሙ (እየተርገበገበ ድምፅ የሚያወጣው ስስ ሽፋን) ተቀይሮ እንደሆነ ይናገራል። አንድ ላይ የተገኘ ጥንድ ከሁለት ነጠላ በእጅጉ የተሻለ ዋጋ ያወጣል። «ሙሉ በሙሉ ታድሷል» የሚል ቃል ብቻ ይዞ የሚመጣን ሻጭ ዝርዝሩን ጠይቁት፤ ካልመለሰ ተዉት።

ማጓጓዙም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ቲዩቦች ተነቅለው ለየብቻ ይጠቀለላሉ። የሚዞረው ሳህን ወርዶ ሞተሩ እንዳይነቃነቅ ይታሰራል። የድምፅ ሞተሩ ከጡሩምባው ይፈታል፤ ካልተፈታ በመንገድ መንገጫገጭ አንገቱ ላይ ይሰበራል። ቋሚ ማግኔት ያላቸው የአልቴክ ሞተሮች ደግሞ ከወደቁ መግነጢሳዊ ኃይላቸው ስለሚቀንስ ሣጥኑ ውስጥ ወፍራም ትራስ ያስፈልጋቸዋል።