ኢጂኤፍ ጂን ሲቀሰቅስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ኢጂኤፍ ኒውክለስ ገብቶ ጂኑን ይቀሰቅሳል»
ዋናው መንገድ ይህ አይደለም። ኢጂኤፍ (ህዋስ እንዲያድግና እንዲባዛ የሚያነሳሳ ምልክት) 53 አሚኖ አሲድ ያለው ትንሽ ፕሮቲን ነው፤ ሥራው የሚያልቀው ደጃፍ ላይ ነው። በህዋሱ ሽፋን ያለውን ተቀባይ ሲይዝ ሁለት ተቀባዮች ይጣመሩና አንዱ የሌላው ታይሮሲን ላይ ፎስፌት ይለጥፋል። መልእክቱም ከራስ (የፕሮቲን ስም ነው እንጂ ከጭንቅላት ጋር አይገናኝም) ወደ ራፍ፣ ከዚያ ወደ ሜክ፣ ከዚያ ወደ ኢአርኬ ይተላለፋል፤ ሁሉም መልእክት የሚቀባበሉ ፕሮቲኖች ናቸው። ኒውክለስ የሚገባው ኢአርኬ ነው። እዚያ ኤልክ-1 ከኤስአርኤፍ ጋር ሆኖ (ሁለቱም ጂን የሚያዙ ፕሮቲኖች ናቸው) ሲ-ፎስ የተባለው ጂን አጠገብ ቀድሞ ተቀምጧል፤ ፎስፌት ሲደርሰው ትራንስክሪፕሽኑ (ጂኑ ኤምአርኤንኤ ወደተባለው መልእክት መገልበጡ) በደቂቃዎች ውስጥ ይጀምራል።

«ኢጂኤፍ እስካለ ድረስ ጂኑ ይሠራል»
ብዙ ሙከራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሴረም (የእድገት ምልክቶች ያሉበት የደም ፈሳሽ) የተከለከለ ፋይብሮብላስት (የተያያዥ ቲሹ ህዋስ) ላይ ኢጂኤፍ ቢጨመር የሲ-ፎስ ኤምአርኤንኤ 30 ደቂቃ አካባቢ ጣሪያ ይነካል፤ በ2 ሰዓት ውስጥ፣ ኢጂኤፉ ሳህኑ ውስጥ እያለ እንኳ፣ ወደ መነሻው ይጠጋል። ተቀባዮቹ ወደ ህዋሱ ውስጥ ይሳባሉ። ምልክቱ ራሱ ያሠራው ዱስፕ1 የተባለ ፕሮቲን የኢአርኬን ፎስፌት ይነቅላል። የሲ-ፎስ ፕሮቲን የገዛ ጂኑን ይጫናል። ኤምአርኤንኤውም ጫፉ ላይ ኤ እና ዩ የተባሉ የአርኤንኤ ፊደላት የበዙበት ክፍል ስላለው ቶሎ ይበጣጠሳል። ስለዚህ ናሙና በ24 ሰዓት ብቻ ሰብስቦ «አልሠራም» ማለት ድግሱ ካለቀ በኋላ መድረስ ነው። በ0፣ 15፣ 30፣ 60 እና 120 ደቂቃ ይሰብሰብ፤ ከዚያ በፊት ህዋሶቹ ከ16 እስከ 24 ሰዓት በ0.5% ሴረም ይቆዩ። 10% ሴረም ውስጥ የነበሩ ህዋሶች ቀድመው ተቀስቅሰዋልና ልዩነቱ አይታይም።

«ጂኑ ለመቀስቀስ አዲስ ፕሮቲን ይፈልጋል»
ለሲ-ፎስ አይፈልግም። ፕሮቲን መሥራትን የሚያግደው ሳይክሎሄክሲማይድ ሲጨመር ኤምአርኤንኤው እንዲያውም ይበዛል፤ አፍራሾቹም አብረው ታግደዋልና። አዲስ ፕሮቲን የሚጠብቁት በሁለተኛው ዙር የሚነሱት ጂኖች ናቸው።

«መንገዱ አንድ ከሆነ ውጤቱም አንድ ነው»
ፒሲ12 የተባሉ በላብራቶሪ የሚያድጉ የአይጥ ህዋሶች ይህን ያፈርሳሉ። ኢጂኤፍም ኤንጂኤፍም (የነርቭ እድገት ምልክት) ኢአርኬን ያነሳሉ። በኢጂኤፍ ግን ኢአርኬ ተነስቶ ቶሎ ይወርዳል፤ ህዋሶቹ ይባዛሉ። በኤንጂኤፍ ለሰዓታት ይቆያል፤ ህዋሶቹ እንደ ነርቭ ቅርንጫፍ ያወጣሉ። ኢአርኬ ከቆየ አዲስ የተሠራውን የሲ-ፎስ ፕሮቲን ፎስፌት ያሸክመዋል፤ ፕሮቲኑም ሳይፈርስ ይሰነብታል። ኢአርኬ ቀድሞ ከወረደ ፕሮቲኑ የሚጠብቀው የለም።

«ቤታ-አክቲን ለማነጻጸሪያ ሁሌም ይታመናል»
እዚህ አይታመንም። የቤታ-አክቲን ጂን ራሱ ኤስአርኤፍ ከሚያዛቸው አንዱ ነው፤ ሴረም ሲጨመር አብሮ ይወጣልና የሌላውን ጂን ጭማሪ አሳንሶ ያሳያል። ማነጻጸሪያው ጂን በዚያው ሙከራ አለመለወጡ አስቀድሞ ይለካ። መቆጣጠሪያው ሳህንም ኢጂኤፍ የተሟሟበትን ፈሳሽ ብቻ በእኩል መጠንና በእኩል ሰዓት ያግኝ፤ የማሳደጊያ ፈሳሽ መቀየር ብቻውን ሲ-ፎስን ሊያስነሳ ይችላል።