ሞተር ሳይክል ላይ ተጎታች ስናስር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

"ሞተሩ ከጎተተው በቃ።"
ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የተጎታች ነገር ሲነሳ መጀመሪያ የሚሰማው ይሄ ነው። መጎተቱንማ ይጎትታል፤ ጣጣው ማቆሙ ላይ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ይህን ሁሉ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ስትወርዱ፣ የራሱ ፍሬን የሌለው ተጎታች ከኋላ እየገፋ ሸክሙን በሙሉ የሞተሩ ፍሬን ላይ ይጥለዋል። ፍሬን ደጋግሞ ሲያዝ ይግላል፤ ሲግል ደግሞ የመያዝ አቅሙ ይደክማል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀንሱና ኢንጂኑ ይያዛችሁ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ጭነት አስሮ በሞርታ (ማርሽ አውጥቶ) የሚወርድ ሰው ሳይ በጣም ነው የምጨነቀው። ከፊታችሁ ካለው መኪናም ከወትሮው በእጥፍ ራቁ።

"ጭነቱ ወደ ኋላ ሲሆን ለሞተሩ ይቀለዋል።"
ከሁሉም አደገኛው ይሄኛው ነው። ክብደቱ ከተጎታቹ ጎማ ኋላ ከበዛ የማያያዣውን ጫፍ ወደ ላይ ያነሳዋል፣ የሞተሩ የኋላ ጎማ መሬቱን ቆንጥጦ መያዝ ያቅተዋል፣ ተጎታቹም ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። ከጠቅላላው ክብደት 10 በመቶ ገደማ ማያያዣው ላይ ማረፍ አለበት። ተጎታቹ ከነጭነቱ 60 ኪሎ ከሆነ፣ 6 ኪሎ አካባቢ ማለት ነው። መለካቱ ቀላል ነው፦ ጭናችሁ ስትጨርሱ የመጎተቻውን ጫፍ፣ ሞተሩ ላይ በሚታሰርበት ከፍታ ልክ፣ ሚዛን ላይ አሳርፉት። ከባዱ ዕቃ ከታች ይሁን፣ ከጎማው ትንሽ ወደ ፊት። መንገድ ላይ መወዛወዝ ከጀመረ ደግሞ ደንግጣችሁ ፍሬን እንዳትይዙ። ነዳጁን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ።

"በደንብ ከተበየደ ምንም አይሆንም።"
ብየዳው ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ግን ሞተር ኩርባ ላይ ዘንበል ይላል፣ ባለ ሁለት ጎማው ተጎታች አይልም። ማያያዣው ወደ ጎንና ወደ ላይ ወደ ታች ከመታጠፍ በተጨማሪ በራሱ ዙሪያ መዞር ካልቻለ፣ ወይ ሞተሩን ማዘንበል ይከለክለዋል ወይ የተጎታቹን አንድ ጎማ ከመሬት ያነሳል። የሚታሰረውም ሻንሲው ላይ ነው። ከወንበሩ ኋላ ያለው የዕቃ መጫኛ ሊሸከም እንጂ ሊጎትት አልተሠራም።

"የመጎተቻው ዘንግ አጭር ሲሆን ይሻላል።"
ሰኞ ገበያ መሃል ለመታጠፍ፣ አዎ። ፍጥነት ሲጨመር ግን አጭሩ ቶሎ ይወዛወዛል፤ ረዘም ያለው የተረጋጋ ነው።

"ለመጠባበቂያ ገመድ ይበቃል።"
አይበቃም። ሁለት ሰንሰለት ከመጎተቻው ሥር በመስቀለኛ አድርጋችሁ እሰሩ፤ ማያያዣው ቢላቀቅ ዘንጉ አስፋልት ላይ ሳይሰካ እነሱ ላይ ያርፋል። መብራትም እንዲሁ ነው። ጭነቱ የሞተሩን የኋላ መብራት ስለሚጋርደው ስቶፕና ፍሬቻ ተጎታቹ ላይ ይግባ፤ ደሴን ጉም ሲሸፍናት ከኋላችሁ የሚመጣው አይሱዙ የሚያየው እሱን ብቻ ነው።