የስካውት መሥራች የሎርድ ባደን-ፓወል መታሰቢያዎች

ሮበርት ባደን-ፓወል (1857–1941 እ.ኤ.አ.) የዓለም የስካውት እንቅስቃሴ መሥራች ናቸው። ለክብራቸው የተሠሩት መታሰቢያዎች ከቴምብርና ከሳህን እስከ ሐውልት ይደርሳሉ። ቀደምቶቹ ግን ከስካውት ጋር አይገናኙም፤ እንቅስቃሴው ገና አልተመሠረተም ነበርና።

መነሻው ደቡብ አፍሪካ ነው። ቦየሮች (የደች ዝርያ ያላቸው የደቡብ አፍሪካ ሰፋሪዎች) ከኦክቶበር 1899 ጀምሮ ማፌኪንግን ለ217 ቀናት ሲከብቡ ከተማዋን የተከላከለውን ጦር ይመሩ የነበሩት ኮሎኔል ባደን-ፓወል ነበሩ። ከበባው በሜይ 1900 ሲሰበር የብሪታንያ ነጋዴ ጊዜ አላጠፋም፤ የጀግናው ምስል በሳህን፣ በኩባያና በመሐረብ ላይ እየታተመ ተቸበቸበ። ሰብሳቢዎች ይበልጥ የሚሹት ግን በከበባው ወቅት እዚያው ከተማ ውስጥ፣ በሰማያዊ የፎቶግራፍ ዘዴ የታተሙትን ቴምብሮች ነው። ባለ 3 ፔኒው የአዛዡን ምስል ይዟል። የንግሥት ምስል በሚጠበቅበት ቦታ የአንድ መኮንን ፊት መውጣቱን ንግሥት ቪክቶሪያ አልወደዱትም ይባላል። ቴምብሩ 18.5 እና 21 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ዓይነቶች አሉት፤ አስመስለው የሠሩትም ስላሉ ገዢ ቢጠነቀቅ ይበጃል። ባለ 1 ፔኒው ላይ ብስክሌት ይዞ የሚታየው የካዴቶች (ጦሩን ያግዙ የነበሩ ልጆች) አለቃ የነበረው ልጅ ዋርነር ጉድይር ነው። ለስካውት ሰው ክብሩ የሚበልጠው ይኸኛው ነው፤ ልጆች ኃላፊነት ቢሰጣቸው እንደሚወጡት መሥራቹ የተረዱት መልእክት ያመላልሱ ከነበሩት ከእነዚህ ካዴቶች ነውና። በአንጻሩ፣ ባደን-ፓወል በከበባው ወቅት ለጥቁር ነዋሪዎች የሰጡት የምግብ ድርሻ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

እንቅስቃሴው በእንግሊዝ ብራውንሲ ደሴት ከተካሄደው የ1907 የሙከራ ካምፕ በኋላ የራሱን መታሰቢያ ማፍራት ጀመረ። ከ1919 ጀምሮ ለሠለጠኑ መሪዎች የሚሰጠው የእንጨት ዶቃ መነሻው የዙሉው መሪ የዲኑዙሉ ሐብል ነው ይባላል፤ ሐብሉ እንዴት በባደን-ፓወል እጅ እንደገባ ግን ጸሐፊዎች አይስማሙም።

ትልቁ ስጦታ በ1929 በእንግሊዝ፣ አሮ ፓርክ በተካሄደው የዓለም ጃምቦሪ (የስካውቶች ትልቅ ስብሰባ) ላይ ተበረከተ። መሥራቹ ምን እንደሚፈልጉ በባለቤታቸው በኩል ቢጠየቁ፣ የሱሪ ማንጠልጠያዬ አርጅቷል አሉ ይባላል። የየአገሩ ስካውቶች ግን ፔኒ በፔኒ አዋጥተው ሮልስ ሮይስ መኪና፣ ተጎታች ቤትና ዴቪድ ጃገር የሣለውን ምስላቸውን ሰጧቸው። መኪናዋ «ጃም ሮል»፣ ተጎታቿ «ኤክልስ» ተባሉ፤ ሁለቱም እስከ ዛሬ አሉ። ነጋዴ ያላሰበው፣ ልጆች በኪሳቸው ገንዘብ የሠሩት መታሰቢያ በመሆኑ ከሌሎቹ ሁሉ የላቀ ነው ማለት ይቻላል።

በኬንያ ኒዬሪ የሚገኘው መቃብራቸው መሐሉ ነጥብ ያለበት ክብ ምልክት አለው፤ በስካውት የመንገድ ምልክት «ወደ ቤቴ ሄጃለሁ» ማለት ነው። በ1961 ለንደን ውስጥ የግራናይት ሐውልት ቆመላቸው። በእንግሊዝ፣ ፑል ወደብ ያለውን ሐውልት ለማንሳት በ2020 ሲታሰብ ደጋፊዎቻቸው ወጥተው ጠበቁት፤ ሐውልቱም አልተነሳም።

የልደታቸው 100ኛ ዓመት በተከበረበት በ1957 በርካታ አገሮች ቴምብር አትመዋል። በ2007፣ የስካውት 100ኛ ዓመት ሲከበር፣ ብሪታንያ «ዝግጁ ሁን» የሚል ጽሑፍ ያለበት የ50 ፔንስ ሳንቲም አወጣች።