«በዚህ ቆዩ፣ ከእኔም ጋር ትጉ»፦ የትዳር ጓደኛቸውን ለሚያስታምሙ

በክርስቶስ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣

ጌታችን በጌቴሴማኒ ሳለ ደቀ መዛሙርቱን «አድኑኝ» አላላቸውም። «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች፤ በዚህ ቆዩ ከእኔም ጋር ትጉ» ነው ያላቸው (ማቴ. 26፥38)። የትዳር ጓደኛው በማይድን የአንጎል ካንሰር የተያዘበት ሰው ሁሉ ይህን ቃል ይያዝ። ማዳን የእግዚአብሔር ነው። ከአስታማሚ የሚጠበቀው አብሮ መቆየት ነው።

መቆየቱ ግን ቀላል አይደለም። ይህ በሽታ ዕጢው እንዳረፈበት ቦታ ጠባይን፣ ንግግርን፣ ትዝታን ይነካል። ታጋሹ ባል በትንሽ ነገር ይቆጣል። ጨዋዋ ሚስት ከአፏ ወጥቶ የማያውቅ ቃል ትናገራለች። ለአንጎል እብጠት የሚታዘዘው ዴክሳሜታዞንም እንቅልፍ ሊነሳና ሊያነጫንጭ ይችላል። ጎረቤት ይህን አይቶ «ከፋ» ይላል፤ ሲያንቀጠቅጠው ደግሞ «መንፈስ ነው» ይላል። እባካችሁ፣ ለፍርድ አትቸኩሉ። እኅቴ ሆይ፣ ባልሽ አልጠላሽም፤ ታሞ ነው።

ጣና ዳር እየኖርን ስለ ጸበል ሳላነሳ አላልፍም። ሂዱ፣ ተጠመቁ፣ ጠጡ። መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ። የሚጥል በሽታ መከላከያው በድንገት ሲቆም ከባድ መንቀጥቀጥ ሊመጣ ይችላል። ዴክሳሜታዞንንም ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው የሚያቆመው በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ነው። ሐኪሙንም መድኃኒቱንም የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ይነግረናል። ወደ ዘጌም ሆነ ወደ ደሴቶቹ በጀልባ ስትሻገሩ በሽተኛውን የሚይዝ ሰው ከአጠገቡ አይለይ። ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም፤ ስለዚህ ባሏን ይዛ የምትሄድ እኅት ወንድ ዘመድ ታስከትል።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ። በእኛ ዘንድ «ለበሽተኛው አይነገረው» ይባላል። ከፍቅር የመጣ ነው፣ አውቃለሁ። ግሊዮብላስቶማ የሚባለው ዓይነት ግን ከቀዶ ሕክምና፣ ከጨረርና ከኬሞ በኋላ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ከ1 ዓመት እስከ 1 ዓመት ተኩል ገደማ ነው። ከዚያም ውስጥ በደንብ የሚነጋገሩበት ጊዜ አጭር ነው። አንደበቱ ከተያዘ እንዴት ይናዘዛል? መዋጥ ካቃተው እንዴት ይቆርባል? ስለዚህ የንስሐ አባቱን ቶሎ ጥሩ። ጸሎተ ቀንዲሉም ይደረግለት። በሰማንያ ተጋብተው ሳይቆርቡ የኖሩ ባልና ሚስት ደግሞ ለብዙ ዓመት «ነገ» ያሉትን ቁርባን አሁን አብረው ይቀበሉ። እውነቱን ስትነግሩት ሁሉንም በአንዴ አትዘርግፉበት። እሱ የጠየቀውን ያህል መልሱ፤ ብቻ አትዋሹት። ልጆቹን መመረቅ፣ ዕዳውን መናገር፣ የበደለውን ይቅርታ መጠየቅ የሚፈልግ ሰው ሰዓቱ አይወሰድበት።

በመጨረሻ ቀኑን ሙሉ ይተኛል። ያኔ እጁን ይዛችሁ ዳዊት አንብቡለት። መልስ ባይሰጥም አንብቡ። «በሞት ጥላ መካከል እንኳ ብሄድ አንተ ከእኔ ጋር ነህና ክፉን አልፈራም» የሚለው መዝሙር ለአንባቢዋም ጭምር ነው። አስታማሚዋም ትተኛ፤ ሌሊቱን ዘመድ በተራ ይያዝላት። ተግታችሁ ቆዩ የተባሉት ከአንድ በላይ ነበሩና።

ባሏ ካረፈ በኋላ አንዳንዷ በልቧ «እፎይ» ትላለች፤ ወዲያው ደግሞ በራሷ ትደነግጣለች። እኅቴ፣ ይህ ክህደት አይደለም። ያሳረፈሽ የእሱ ስቃይ ማብቃቱ ነው። አልቅሺ፤ ትንሣኤን የሚሰጠው ጌታ ራሱ በአልዓዛር ሞት አልቅሷል። «እምነት ያለው አያለቅስም» የሚሉሽን አትስሚ።

እናንተ ለቀስተኞች ደግሞ፣ ከፍትሐቱና ከሰልስቱ በኋላ አትጥፉ። ዕድሩ ድንኳኑን ነቅሎ፣ አርባው ተዘክሮ ቤቱ ጭር ሲል ነው ሰው የሚያስፈልጋት። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጎራ በሉ። የሟቹን ስም ለመጥራት አትፍሩ፤ እሷ ሲጠራ መስማት ትፈልጋለች። የወራሽነት ማረጋገጫ ለማውጣት ፍርድ ቤት ስትመላለስ አንድ ሰው አብሯት ይሂድ። አንቺም «ምን እናግዝሽ?» ሲሉሽ «ምንም» አትበይ። ልጆቹን ከትምህርት ቤት የሚያመጣልሽ ሰው ከፈለግሽ እሱን ንገሪያቸው።