የሕፃናት የአፍ ፈንገስ ምንድን ነው? እናትስ ለምን አብራ ትታከማለች?

የጨቅላ ምላስ ሲነጣ ሁሉም ፈንገስ አይደለም። የወተት ቅሪት ምላስ ላይ ብቻ ይቀመጣል፤ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ሲጠርጉት ይለቃል። ፈንገሱ ግን በጉንጭ ውስጥ፣ በድድና በከንፈር ውስጠኛው ገጽ እንደ አይብ ፍርፋሪ ተጣብቆ ይታያል። በግድ ከተፋቀ ሥሩ ቀልቶ ይደማል፤ ስለዚህ አይፋቅ።

የሚያመጣው ካንዲዳ የሚባል ፈንገስ ነው። በጤነኛ ሰው አፍና ቆዳ ላይም ይኖራል፤ የሚያስቸግረው ሲበዛ ነው፤ ለምሳሌ እናት ወይም ልጅ አንቲባዮቲክ ከወሰዱ በኋላ። ሙቀትና እርጥበት ይመቸዋል፤ እንደ ባቲና ቆቦ ባለው ቆላ ጡት ሥር የሚደረገው ጨርቅ በላብና በወተት ሲርስ ቶሎ ቶሎ መቀየር አለበት።

እናትየው የጡቷ ጫፍ ሊቀላ፣ ሊላላጥ፣ ልጁ ጠብቶ ከጨረሰም በኋላ ሊያቃጥላት ይችላል። ጡት ያመመው ሁሉ ግን ፈንገስ አለበት ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ልጁ ጡቱን በደንብ አለመጉረሱ ነው። ባለሙያ ስታጠባ ሊያያት የሚገባው ለዚህ ነው።

ፈንገሱ ከአፍ ወደ ጡት፣ ከጡት ወደ አፍ ይመላለሳል። የልጁ አፍ ብቻ ከታከመ በሚቀጥለው ጡት መልሶ ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ ምልክቱ በአንዳቸው ላይ ብቻ ቢታይም ሁለቱም በአንድ ቀን ሕክምና ይጀምራሉ። ለልጁ አብዛኛውን ጊዜ የኒስታቲን ጠብታ ይታዘዛል፤ በቀን 4 ጊዜ፣ ከጠባ በኋላ፣ ነጩ ባለበት ሁሉ ይዳረሳል። ነጩ ከጠፋ በኋላም 2 ቀን ይቀጥላል። ብዙዎች የሚያቋርጡት እዚሁ ላይ ነው፤ ያኔ ያገረሻል። እናት ካጠባች በኋላ የማይኮናዞል ወይም የክሎትሪማዞል ክሬም በስሱ ትቀባለች። በልጅ አፍ ውስጥ የሚቀባው የማይኮናዞል ጄል ግን ከ4 ወር በታች ያለን ልጅ ሊያንቀው ስለሚችል ከመድኃኒት ቤት በራስ ፈቃድ አይገዛም። ጄንሽን ቫዮሌት የሚባለው ሐምራዊ የሚቀባ መድኃኒትም ውህዱ ከበረታ አፍ ያቆስላል።

ልጅ ጡት እምቢ ሲል «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥ» ወይም «ቅቤ አስውጡት» የሚል ጎረቤት አይጠፋም። እባካችሁ፣ እንጥል ማስቆረጥ ደም ያፈሳል፣ ቁስሉም ያመረቅዛል፤ ፈንገሱን ግን አይነካውም። ማርም አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ አይቀባም፣ አይሰጥም።

ጡት ማጥባት አይቋረጥ። ልጁ መጥባት ካቃተው፣ ካተኮሰው ወይም ሽንቱ ከቀነሰ ግን በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ታክሞ ደጋግሞ የሚያገረሽበት ከሆነ ደግሞ የኤችአይቪ ምርመራን ጨምሮ ሌላ ምክንያት መፈለግ ያስፈልጋል።